የተጉለት ዜማና የመሪጌታ ዕድሜ

በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ ውርጩ ከሣሩ ላይ ሳይነሣ ከቅኔ ማሕሌት የሚወጣውን ድምፅ የሚሰማ መንገደኛ ዜማውን ይሰማል እንጂ ለዜማው የፈሰሰውን ዕድሜ አያስተውልም። በማሕሌቱ መካከል መቋሚያውን ይዞ የሚቆመው መሪጌታ ወደዚያ ስፍራ የደረሰው በሹመት ብቻ አይደለም፤ ልጅነቱንና ጉልምስናውን፣ አንዳንድ ጊዜም የዐይኑን ብርሃን ከፍሎ ነው። ስለሆነም የዚህ አገር የዜማ ታሪክ ሲጻፍ፣ ከነገሥታቱ ስም ጎን የእነዚህ ሰዎች ድካም ሊጻፍ ይገባዋል።

አገሩ ለዜማ እንግዳ አይደለም። ከ1434 እስከ 1468 እ.ኤ.አ. የነገሠው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በተጉለት ደብረ ምጥማቅን አሠራ፤ በ1450 እ.ኤ.አ.ም በዚያው ጉባኤ አድርጎ ቅዳሜና እሑድ ሁለቱም እንዲከበሩ አስወሰነ። በኋላም በሰማይ ታየ ከተባለው ብርሃን የተነሣ ደብረ ብርሃንን ቈርቁሮ መናገሻው አደረጋት፤ የእመቤታችንን በዓላትም አበዛ። ይህ ሁሉ ለሊቃውንቱ ምን ማለት እንደ ነበር ማሰብ ይገባል። በዓል በተጨመረ ቍጥር የሚቆም ማሕሌት፣ የሚመራ ቃለ እግዚአብሔር፣ የሚያድር ደብተራ ያስፈልጋል። የንጉሡ ዐዋጅ በመጨረሻ የሚያርፈው በዘማሪው ጉሮሮ ላይ ነበር።

ከ1529 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተነሣው የግራኝ አሕመድ ጦርነት የሸዋን አድባራትና መጻሕፍት ባቃጠለ ጊዜ፣ ዜማው የተረፈው በሰው ልቡና ውስጥ ነው። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን (1540–1559 እ.ኤ.አ.) አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ለድጓው ምልክት እንደ ሠሩለት ይነገራል። መጽሐፍ ሲቃጠል ያየ ትውልድ ዜማውን በጽሑፍ ለማሰር መነሣቱ የሚያስደንቅ አይደለም። ነገር ግን ምልክቱ አስታዋሽ እንጂ አስተማሪ አይደለም፤ ከመምህር አፍ ያልሰማ ሰው ቢመለከተው ዝም ይለዋል።

የቅዱስ ያሬድ ድጓ አንድ ሲሆን የአዜማሙ ይትበሃል ግን ልዩ ልዩ ነው። ቤተ ልሔም፣ ቆማ፣ አጫብርና ተጉለት በየስፍራቸው ስም የተጠሩ ስልቶች ናቸው። ተጉለት የሸዋ ነው። ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ ሦስቱም ዜማዎች በሁሉም ዘንድ አሉ፤ ልዩነቱ በድምፁ አወጣጥና አጣጣል ላይ ነው። ሆኖም የድጓ ማስመስከሪያው ቤተ ልሔም በመሆኑ፣ መምህር ለመባል የፈለገ የሸዋ ተማሪም ወደ ጋይንት መውጣት ነበረበት። በአንድ ስልት አስመስክሮ የተመለሰ ሰው ያንኑ ማስተማሩ የታወቀ ነው። የቤተ ልሔም ይትበሃል እየሰፋ የተጉለት እየጠበበ የሄደበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም።

የመሪጌታው ጕዞ የሚጀምረው ከፊደልና ከዳዊት ነው። ሕፃኑ ለምዱን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ በየደጁ ቍራሽ እየለመነ፣ ከውሻ እየተከላከለ ጾመ ድጓን፣ ምዕራፍንና ድጓን ያጠናል። ቀለሙን መምህሩ በቃል ይነግሩታል፤ እርሱም ሌሊት በጨለማ ይቀጽለዋል። ከዚያ ቅኔ፣ ዝማሬ መዋሥዕትና አቋቋም ይከተላሉ። በአቋቋም ቁሙን፣ ዝማሜውን፣ መረግዱንና ጽፋቱን ይለያል፤ መቋሚያ፣ ጸናጽልና ከበሮ የሚገቡበትን ስፍራ ያውቃል። ሁሉን አዳርሶ ሲመለስ አብሮ አደጎቹ የልጅ አባት ሆነው ይቆዩታል። ከዚያም በቀኝ ጌታና በግራ ጌታ መካከል ቆሞ እስከ ዕለተ ሞቱ ይመራል።

ለእንዲህ ያለው ሰው አንኮበር መልካም ማረፊያ ነበረች። ከ1813 እስከ 1847 እ.ኤ.አ. በገዛው በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ከተማዪቱ የሸዋ መናገሻ ነበረች፤ ሚካኤል፣ መድኃኔ ዓለም፣ ማርያም፣ ጊዮርጊስ በኮረብቶቿ ላይ ታቦታት ነበሩ። ይሁን እንጂ ምኒልክ ወደ እንጦጦ ወጥቶ በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስትቈረቈር፣ ግብሩም ሹመቱም ሊቃውንቱም መናገሻውን ተከተሉ። አንኮበር ታቦቶቿን ይዛ ቀረች።

በአንኮበርም በደብረ ብርሃንም የቀረው ደብተራ የሚኖረው በሰሞን መሬት ነበር። መሬቱ የአገልግሎቱ ዋጋ ነው፤ ማሕሌቱ ሲታጎል መሬቱም ያጠያይቃል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በዐዋጅ የሕዝብ ሀብት ሲሆን ይህ የቈየ ውል ተቋረጠ። ገባሩ ከጭሰኝነት መውጣቱ ፍትሕ ነበር፤ ለገባሩ ፍትሕ የሆነው ዐዋጅ ግን ዕድሜውን በዜማ የጨረሰውን ሽማግሌ ያለ መተዳደሪያ አስቀረው። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ አንዱ ሌላውን አይሽረውም። ከዚያ በኋላ ማሕሌቱ የቆመው በምእመናን መዋጮ፣ በአነስተኛ ደመወዝና በሊቃውንቱ ትዕግሥት ነው።

ድጓው ዛሬ በኅትመት ይገኛል፤ ድምፁም በመሣሪያ ይቀረጻል። መጽሐፉ ከእሳት ዳነ ማለት ነው። ነገር ግን የተጉለት ስልት ከመጽሐፉ ውስጥ አይገኝም፤ በሽማግሌው አፍና በተማሪው ጆሮ መካከል ያለ ነገር ነው። በጦርነቱ ጊዜ መጽሐፉ ሲቃጠል የዳነው ሰው ስለ ነበረ ነው። አሁን መጽሐፉ ሳለ ሰውዬው ቢጠፋ ግን የሚያድነው የለም።