ከብሪሴይስ ሙሾ እስከ ዘመናዊው ልብወለድ

ኢሊያድ ከ15 ሺህ በላይ ስንኞች ያሉት የጦርነት ግጥም ነው። ታሪኩ የሚነሣው በአንዲት ምርኮኛ ሰበብ በተፈጠረ ጠብ ነው፤ የግሪኮች የጦር አለቃ አጋሜምኖን ብሪሴይስ የተባለችውን ሴት ከጀግናው ተዋጊ ከአኪልስ ይነጥቃል፣ አኪልስም ተቆጥቶ ከውጊያ ይወጣል። በዚህ ጠብ ጦሩ ይፈታል፣ ጀግኖች ይወድቃሉ፣ አማልክት ሳይቀሩ ጎራ ይለያሉ። ብሪሴይስ ግን እስከ 19ኛው ክፍል ድረስ አንድ ቃል አትናገርም። አንደበቷ የሚከፈተው በአኪልስ የቅርብ ወዳጅ በፓትሮክሉስ አስከሬን ላይ ሲሆን ሙሾዋም 14 ስንኝ ብቻ ነው። ባሏ በከተማዋ ፊት ሲወድቅ ማየቷን፣ ሦስት ወንድሞቿ መገደላቸውን፣ ባሏን የገደለውም ራሱ አኪልስ መሆኑን፣ ፓትሮክሉስ ግን እያባበለ የአኪልስ ሚስት እንደሚያደርጋት ቃል ይገባላት እንደነበር ትናገራለች። ከዚያ ሌሎቹ ምርኮኛ ሴቶች ተቀብለው ያለቅሳሉ። ለቅሷቸው በስም ለፓትሮክሉስ ይሁን እንጂ እያንዳንዷ የምታለቅሰው የራሷን መከራ እንደሆነ ገጣሚው ጣል አድርጎ ያልፋል። ለቅሶ ቤት የሚያውቅ አንባቢ ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያሻውም።

ባለፉት ሃያ ዓመታት በእንግሊዝኛ እየተጻፉ በብዙ ቋንቋዎች የተተረጎሙት፣ የግሪክን አፈ ታሪክ በሴቶቹ አንደበት የሚተርኩ ልብወለዶች ሥራቸውን የሚጀምሩት እንዲህ ካለው ስፍራ ነው። አዲስ ፋሽን ተደርገው ሲነገርላቸው ይሰማል። ይህ ትክክል አይደለም። በሴቶቹ ዝምታ የተፈጠረውን ክፍተት የተዉት ጥንታውያኑ ራሳቸው ናቸው፤ ገብቶ ለመናገርም የመጀመሪያዎቹ እነሱ ነበሩ።

በሌላው የግሪክ ግጥም፣ በኦዲሲ ውስጥ፣ ዝምታው ይበልጥ ከባድ ነው። ገና በመጀመሪያው ክፍል ፔኔሎፔ ከጓዳዋ ወርዳ አዝማሪው ግሪኮች ከትሮይ ሲመለሱ ያዩትን መከራ መዝፈኑን እንዲተው ትለምናለች፤ ባሏ ኦዲስዩስ ከዚያ ጦርነት ገና አልተመለሰምና። ልጇ ቴሌማኩስ ንግግር የወንዶች ጉዳይ መሆኑን ነግሮ ወደ ሽመናዋና ወደ ፈትሏ ይመልሳታል። በ22ኛው ክፍል ደግሞ ኦዲስዩስ ቤቱን የወረሩትን የሚስቱን ፈላጊዎች ከፈጀ በኋላ፣ ከእነዚያ ወንዶች ጋር ተኝተዋል የተባሉ 12 ገረዶች ይቀጣሉ። በቅድሚያ ሬሳውን ተሸክመው እንዲያወጡ፣ ደም የነካውን ወንበርና ጠረጴዛ እንዲያጥቡ ይደረጋል። አባትየው በሰይፍ ይገደሉ ብሎ ነበር፤ ልጁ ግን ንጹሕ ሞት አይገባቸውም ብሎ በመርከብ ገመድ ይሰቅላቸዋል። ባሪያዎች ስለሆኑ ለወንዶቹ እምቢ የማለት አቅም ነበራቸው ወይ የሚለውን ግጥሙ አይጠይቅም።

ጥያቄውን በአቴና መድረክ ላይ ያወጣው ተውኔት ጸሐፊው ኤውሪፒደስ ነው። በ416 ቅ.ል.ክ. አቴናውያን የሜሎስን ደሴት ከበው ሲይዙ ለአቅመ ጦር የደረሱትን ወንዶች ገደሉ፣ ሴቶችንና ሕፃናትን ለባርነት ሸጡ። በቀጣዩ ዓመት፣ በ415፣ የኤውሪፒደስ «የትሮይ ሴቶች» ለሕዝብ ታየ። በተውኔቱ ውስጥ ውጊያ የለም፤ ከተማዋ ወድቃለች፣ ወንዶቿ አልቀዋል፣ ሴቶቹ ለማን እንደሚደርሱ ዕጣቸውን ይጠብቃሉ። ንግሥቲቱ ሄኩባ ለኦዲስዩስ ትሰጣለች፣ ካሳንድራ ለአጋሜምኖን፣ አንድሮማኬ ባሏን ለገደለው ለአኪልስ ልጅ። የአንድሮማኬ ሕፃን ከግንብ ላይ ይወረወራል። ተዋንያኑ በሙሉ ወንዶች ነበሩ፣ ደራሲውም ወንድ ነው፤ የሆነ ሆኖ የድል አድራጊዎቹን ከተማ ሕዝብ አስቀምጦ የተሸናፊ ሴቶችን ለቅሶ እንዲሰማ ማድረጉ በየትኛውም ዘመን ሚዛን ትልቅ ድፍረት ነው። ተውኔቱ ዛሬም አላረጀም። በ2013 እ.ኤ.አ. በዮርዳኖስ መዲና በአማን፣ ከአገራቸው ጦርነት የሸሹ ሶርያውያን ሴቶች የየራሳቸውን ስደት ከጽሑፉ ጋር አዋሕደው አቅርበውታል።

ሮማዊው ኦቪድ በአውግስጦስ ቄሣር ዘመን ሌላ መንገድ ቀየሰ። «ሄሮይዴስ» በተባለው ሥራው የአፈ ታሪክ ሴቶች ጥለዋቸው ለሄዱ ወንዶች ደብዳቤ ይጽፋሉ፤ ከጸሐፊዎቹ መካከል ፔኔሎፔ፣ ሜዲያ፣ አሪያድኔና ብሪሴይስም አሉ። በ«ሜታሞርፎሲስ» ውስጥ ደግሞ ሜዱሳ ጭራቅ ሆና አልተወለደችም፤ የባሕሩ አምላክ በሚኔርቫ ቤተ መቅደስ ውስጥ ደፈራት፣ ፀጉሯ ወደ እባብ የተለወጠው በሴቲቱ አምላክ በሚኔርቫ ቁጣ ነው። የተቀጣችው ተደፋሪዋ መሆኗ የዛሬ ደራሲዎችን ቀልብ የሳበ ነጥብ ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ኢትዮጵያም ስም አላት። የባሕር አውሬ እንዲበላት ከዓለት ጋር የታሰረችው አንድሮሜዳ በግሪኮች አፈ ታሪክ የኢትዮጵያ ንጉሥ የኬፌዎስ ልጅ ናት። እርግጥ ነው፣ የግሪኮቹ ኢትዮጵያ ከግብፅ በስተደቡብ የተንጣለለ፣ ድንበሩ ያልለየለት አገር ነበረ፤ አንዳንድ ጸሐፊዎችም የአንድሮሜዳ ሰንሰለት ምልክት በኢዮጴ ወደብ ይታያል ይሉ ነበር። ኦቪድ በሄሮይዴስ መልኳ ጠቆር ያለ መሆኑን ይጠቅሳል፤ የአውሮፓ ሠዓሊዎች ግን ለዘመናት ነጭ አድርገው ሣሏት። ታስራ የምትታየው ልዕልት ስለ እናቷ ትምክሕት እንደተቀጣችም አፈ ታሪኩ ይናገራል እንጂ የእሷን ሐሳብ አያስነግርም።

ከኤሜሳ የመጣው ሶርያዊው ሄሊዮዶሮስ በግሪክኛ የጻፈው «አይቲዮፒካ» የተሰኘ ልብወለድ ከዚሁ ከአንድሮሜዳ ታሪክ ይነሣል። የኢትዮጵያ (የሜሮዌ) ንግሥት ፔርሲና የአንድሮሜዳን ሥዕል እያየች በመፀነሷ ነጭ ልጅ ትወልዳለች፤ በዝሙት እንዳትጠረጠር ፈርታ ሕፃኗን ትጥላለች። ስትጥላት ግን የሆነውን ሁሉ በኢትዮጵያ ነገሥታት ፊደል በመቀነት ላይ አስፍራ አብራ ታስቀምጣለች። ልጅቱ አድጋ ማንነቷን የምታውቀው በዚያ ጽሑፍ ነው። በጥንቱ ዓለም ልብወለድ ውስጥ አንዲት እናት ራሷ ጽፋ ያስቀመጠችው ቃል ይህን ያህል ክብደት ሲያገኝ ማየት ብርቅ ነው፤ ሥራው ዛሬ የሚነበበው በጥቂት ሊቃውንት ብቻ መሆኑ ያሳዝናል።

በመካከለኛው ዘመን ክሪስቲን ደ ፒዛን በ1405 በፈረንሳይኛ በጻፈችው «የሴቶች ከተማ መጽሐፍ» ሜዲያንና ሌሎችን ከወንድ ጸሐፊዎች ክስ ለመከላከል ሞከረች። ዘመናዊው ልብወለድ ግን እስኪደርስ ብዙ መቶ ዓመታት አለፉ።

የዘመናዊው ትረካ እውነተኛ መነሻ የክሪስታ ቮልፍ «ካሳንድራ» ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። ቮልፍ በምሥራቅ ጀርመን ትኖር ነበር፤ መጽሐፉ የወጣው በ1983፣ የምሥራቁና የምዕራቡ ጎራ በጀርመን ምድር ላይ የኑክሌር ሚሳይል እየደረደሩ በነበሩበት ወቅት ነው። ትንቢቷ የማይታመንላት የትሮይ ልዕልት በአጋሜምኖን ቤተ መንግሥት በር ላይ ሞቷን እየጠበቀች አገሯ እንዴት ለጦርነት እንደተዘጋጀች ታስታውሳለች፤ ጠላት የሚለው ቃል እንዴት እንደተለመደ፣ ዘበኞች እንዴት እንደበዙ፣ እውነት እንዴት ወንጀል እንደሆነ። ደራሲዋ ስለ መጽሐፉ አነሳስ በፍራንክፈርት የሰጠቻቸው ንግግሮች በምሥራቅ ጀርመን ሲታተሙ ሳንሱር የተወሰኑ አንቀጾችን ቆርጦ አስወጣ፤ ስለማይታመን ድምፅ የተጻፈ ሥራ ራሱ ተቆርጦ ወጣ ማለት ነው። በ1996 በታተመው «ሜዲያ» ደግሞ ቮልፍ የሜዲያን ልጆች የገደሉት የቆሮንቶስ ሰዎች እንጂ እናታቸው አይደለችም የሚለውን፣ ኤውሪፒደስ ሸፍኖት የቆየ ጥንታዊ ትውፊት ወደ ብርሃን አመጣች።

ካናዳዊቷ ማርጋሬት አትዉድ በ2005 ባወጣችው «ፔኔሎፒያድ» ፔኔሎፔ ከሙታን ዓለም ሆና ትተርካለች። የመጽሐፉ ጉልበት ግን ከንግሥቲቱ ይልቅ በተሰቀሉት 12 ገረዶች ላይ ነው። እንደ ግሪክ ተውኔት ዘማሪ ቡድን በምዕራፎቹ መካከል እየገቡ አንዴ በገመድ ዝላይ ዜማ፣ አንዴ በመርከበኞች ዘፈን፣ አንዴ በፍርድ ቤት ሙግት ይከሳሉ። ፔኔሎፔም ከተጠያቂነት አታመልጥም፤ ከፈላጊዎቿ ወሬ እንዲያመጡላት የላከቻቸው እሷ ናትና። በዚህ ዘርፍ ከተጻፉት ሁሉ የባርነትን ጥያቄ በዚህ ድፍረት የያዘ መጽሐፍ ጥቂት ነው።

ከዚያ በኋላ ጎርፉ መጣ። ኡርሱላ ለ ጉዊን በ2008፣ በሮማዊው ቨርጂል ግጥም ውስጥ አንድ ቃል የማትናገረውን ላቪኒያን ተራኪ አደረገች። በ2017 ኤሚሊ ዊልሰን ኦዲሲን ሙሉ በሙሉ ወደ እንግሊዝኛ ተርጉማ ያሳተመች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች፤ ብዙዎች «ገረዶች» እያሉ ያለፏቸውንም ባሪያዎች ብላ ጠራቻቸው። በ2018 ሁለት ዋና ሥራዎች ተከታትለው ወጡ። የማደሊን ሚለር «ሰርሲ» ጠንቋይቱ ወንዶችን ወደ ዓሣማ የምትለውጠው ለምን እንደሆነ ምክንያት ይሰጣል፤ ቤቷ አስጠግታ ባበላቻቸው መርከበኞች ተደፍራ ነበር። የፓት ባርከር «የልጃገረዶቹ ዝምታ» ደግሞ ወደ ብሪሴይስ ተመለሰ። ባርከር ስለ አንደኛው የዓለም ጦርነት በጻፈቻቸው ልብወለዶች የታወቀች ናት፤ የግሪኮቹን ሰፈር የምትሥለውም በቁስል፣ በአይጥ፣ በሬሳ አጠባና በሌሊት ፍርሃት ነው። ሁለቱም መጻሕፍት በ2019 ለእንግሊዙ የሴቶች የልብወለድ ሽልማት የመጨረሻ ዙር ደረሱ። ናታሊ ሄይንስ በ2019 የትሮይን ጦርነት በብዙ ሴቶች ድምፅ ተረከች፤ በ2022 ባወጣችው የሜዱሳ ታሪክም የኢትዮጵያዋ አንድሮሜዳ ቦታ አላት። በ2021 ጄኒፈር ሴንት ስለ አሪያድኔ ጻፈች፤ ከዚያ ወዲህ የሚወጡት ብዙ ናቸው።

መብዛታቸው ደካማ ጎናቸውንም አሳይቷል። አንዳንዶቹ የዛሬን ዩኒቨርሲቲ ተማሪ አስተሳሰብ ለነሐስ ዘመን ሴት ያለብሷታል፤ አማልክትን የማትፈራ፣ የቤተሰብ ክብር የማያስጨንቃት ሴት ደግሞ ከዘመኗ ተነቅላለች። በባርከር መጽሐፍም ከመካከሉ ጀምሮ ትረካው በየመሐሉ ወደ አኪልስ መዞሩን አንዳንድ ሐያሲዎች ነቅፈዋል፤ ነቀፋው ግን ፍትሐዊ አይመስልም፣ ምርኮኛ የያዛትን ሰው ፊት ማንበብ ነፍሷ ነውና። የሚከብደው ጉድለት ሌላ ነው። ከእነዚህ ልብወለዶች አብዛኞቹ የሚናገሩት ስለ ንግሥቶች፣ ስለ ልዕልቶችና ስለ ሴት አማልክት ነው። ብሪሴይስ እንኳ ባሪያ ከመሆኗ በፊት የተከበረ ባል ሚስት ነበረች። በባርነት የተወለደች፣ ወፍጮ ስትፈጭ ውላ የምታድር፣ በኦዲስዩስ ቤት ከነበሩት 50 ገረዶች መካከል ስሟ ያልተጠራ ሴት ከአትዉድ በኋላ ሙሉ መጽሐፍ የሚሞላ ተራኪ ሆና እምብዛም አልታየችም። ዘርፉ የጀመረውን ሥራ ጨርሷል የሚባለው ይህችን ሴት ሲያናግር ነው።