አባ ሳሙኤል፦ ላበራልን ግድብ የመለስንለት

እምቦጭ ሲባል ሁላችንም ጣናን እናስባለን። ጣና በአረሙ ሳይወረር በፊት ግን እዚሁ አፍንጫችን ስር፣ ከአቃቂ በታች፣ አባ ሳሙኤል እምቦጭን ያውቀው ነበር።

አባ ሳሙኤል የተፈጥሮ ሐይቅ አይደለም። በጣሊያን ወረራ ዓመታት ተገንብቶ ያለቀው የአገራችን የመጀመሪያው የውኃ ኃይል ማመንጫ ግድብ ያቆረው ውኃ ነው። አቅሙ 6.6 ሜጋ ዋት ነው፤ ዛሬ ኢምንት ይመስላል፣ ያኔ ግን አዲስ አበባን ያበራት እሱ ነበር። በኋላ ቆቃ መጣ፣ ሌሎችም ተከተሉ፣ አባ ሳሙኤል ተረስቶ ቆመ። በቻይና ድጋፍ ታድሶ ሥራ የጀመረው ገና በ2009 ዓ.ም. ነው።

የወንዙን ካርታ ያየ ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ትልቁና ትንሹ አቃቂ ከተማዋን በምሥራቅና በምዕራብ አቋርጠው እዚህ ይገናኛሉ። ከላይ ለገዳዲና ገፈርሳ ንጹሑን ውኃ ለመጠጣችን ያስቀሩታል። ጠጥተን፣ ታጥበን፣ አጥበን የለቀቅነው ደግሞ ታች ይወርዳል። በበጋ ወንዙን የሚያቀጥነው ዝናብ ስለሌለ የሚወርደው አብዛኛው ፍሳሽ ነው።

የመጠጥ ቧንቧው ቀድሞ ገባ፤ የፍሳሹ ነገር ለአሥርት ዓመታት ቆየ። በ1970ዎቹ የተሠራው የቃሊቲ ማጣሪያ የታሰበው ወደ 50,000 ለሚጠጋ ሰው ነበር። በ1976ቱ ቆጠራ ነዋሪው ከ1.4 ሚሊዮን በላይ ነው! የቀረው በጉድጓድ ሽንት ቤት ኖረ። ጉድጓዱ ሲሞላ ክረምት ጠብቆ ወደ ወንዝ የሚለቀውን የማያውቅ አዲስ አበቤ አለ?

የሚፈስ ወንዝ ቆሻሻውን ይዞ ያልፋል፤ ግድብ ግን ያስቀምጠዋል። ከሽንት ቤትና ከሳሙና የሚመጣው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ለእምቦጭና ለአልጌ ማዳበሪያ ይሆናል። አረሙ ሲበሰብስ የውኃውን ኦክስጅን ይጨርሰዋል፣ ዓሣ መተንፈሻ ያጣል። የቆዳ ፋብሪካው ክሮምየም ከደለሉ ጋር ታች ይተኛል። ከግድቡ ያለፈው አዋሽን ተቀላቅሎ ቆቃ ይገባል። በአቃቂ ውኃ ያደገው ጎመንና ሰላጣ ደግሞ ወደ ገበያችን ይመለሳል።

እርግጥ ቃሊቲ ተስፋፍቶ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ የሚያጣራ ሆኗል። ከ2011 ወዲህ የወንዝ ዳር መናፈሻዎችም አምረዋል። አበባው ደስ ይለኛል። እኔ መስማት የምፈልገው ግን ስንት ቤት ከፍሳሽ መስመር ጋር እንደተገናኘ ነው። ሪባን ሲቆረጥ የሚሰለፉት ካሜራዎችም አንድ ቀን፣ በየካቲት ወይም በመጋቢት፣ አባ ሳሙኤል ድረስ ወርደው ውኃውን ያሳዩን።