ስካይሪምን መጫወት ያዋጣል? የአንድ የቆየ ክርክር ታሪክ

ይህን ጽሑፍ በይቅርታ እጀምራለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔ በማገለግልበት የሮቤ የወጣቶች ኅብረት ውስጥ አንድ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበረ። ቅዳሜ ከሁላችን ቀድሞ መጥቶ አግዳሚ ወንበሮቹን የሚደረድረው እርሱ ነበር። በዚያ ክረምት ከአክስቱ ልጅ ላፕቶፕ ተዋሰ፤ ላፕቶፑ ላይ ስካይሪም የሚባል ጨዋታ ተጭኖበት ነበር። መጀመሪያ ማርፈድ፣ ቀጥሎም መቅረት ጀመረ። አንድ ቅዳሜ ሳስተምር «ዘንዶና አጋንንት የሚርመሰመሱበት ጨዋታ የጨለማ ሥራ ነው» ብዬ ተናገርኩ። ስሙን አልጠራሁም፤ ነገር ግን ሁሉም ዞሮ አየው። እኔ ጨዋታውን አንድም ቀን አይቼው አላውቅም ነበር። ልጁ ከዚያ ቀን በኋላ ሁለት ወር አልመጣም።

በመጨረሻ ልጠይቀው ወደ ቤቱ ሄድኩ። እናቱ ቡና እያፈሉ ሳለ ዝቅ ባለ ድምፅ «ጋሼ፣ ጨዋታውን አይተውታል?» አለኝ። «አላየሁም» አልኩት። «እንግዲያው ይቀመጡና ይዩት» አለኝ። ተቀመጥኩ።

ጨዋታው ሲጀምር ተጫዋቹ እጁ ታስሮ በጋሪ ወደ መገደያ ቦታ እየተወሰደ ነው። መጥረቢያው ሊያርፍበት ሲል ዘንዶ መጥቶ መንደሩን ያቃጥላል፤ እስረኛውም በግርግሩ ያመልጣል። ከዚያ በኋላ መንገዱ የራሱ ነው። በረዶ የለበሰ ተራራ፣ ጫካ፣ ዋሻ፣ ከተማ፣ በሩቅ ያየውን ሁሉ በእግሩ ሄዶ ሊደርስበት ይችላል። እንዲህ ያለውን ጨዋታ «ክፍት ዓለም» ይሉታል። ስካይሪምን የሠራው ቤተስዳ የተባለ የአሜሪካ ድርጅት ሲሆን ለገበያ የወጣው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2011 ነው። ወደ 60 ሚሊዮን ቅጂ እንደተሸጠ ሠሪዎቹ ተናግረዋል።

አንድ ሰዓት ያህል ተመለከትኩ። ያየሁት እኔ ያወገዝኩትን ነገር አይመስልም ነበር፤ ምንም ክፉ ነገር የለበትም ለማለትም አልቻልኩም። ያን ዕለት ማታ፣ ይህ ክርክር ከእኛ በፊት ተደርጎ ያውቅ እንደሆነ መፈለግ ጀመርኩ። ለካስ ከኔ ዕድሜ ይበልጣል።

የዚህ ዓይነት ጨዋታ ሥሩ ያለው ኮምፒውተር ውስጥ ሳይሆን መጽሐፍ ውስጥ ነው። ጄ. አር. አር. ቶልኪን የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ መምህር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1916 በአንደኛው የዓለም ጦርነት የሶም ግንባር ተሰልፏል። «ዘ ሆቢት» የተባለውን መጽሐፉን በ1937፣ «የቀለበቶቹ ጌታ»ን ደግሞ ከ1954 እስከ 1955 አሳተመ። ዘንዶው፣ ድንኮቹ፣ የረጅሙ ጉዞ ካርታ፣ ዛሬ በጨዋታዎቹ የምናያቸው ብዙዎቹ ነገሮች ከእርሱ መጻሕፍት የተወረሱ ናቸው። ቶልኪን አጥባቂ ካቶሊክ ነበር። ወዳጁ ሲ. ኤስ. ሉዊስ ወደ ክርስትና እምነት ሲመለስ ከጎኑ ሆነው ከተከራከሩትና ከረዱት ሰዎች አንዱም እርሱ ነው። እኔ ዘንዶ ስላየሁ ብቻ «የጨለማ ሥራ» ያልኩት ነገር፣ ሥሩ ሲመዘዝ ከአንድ ክርስቲያን የጽሑፍ ጠረጴዛ ላይ ተገኘ።

እ.ኤ.አ. በ1974 ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» የተባለ ጨዋታ አወጡ። በወረቀት፣ በእርሳስና በዳይስ የሚጫወቱት ነው። ጓደኛሞች ጠረጴዛ ከበው ይቀመጣሉ፤ አንዱ ታሪኩን ይተርካል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ሆነው «እኔ በሩን እከፍታለሁ»፣ «እኔ እሸሻለሁ» እያሉ ይወስናሉ። ጨዋታው በወጣቶች ዘንድ እየተስፋፋ ሲሄድ በአሜሪካ አብያተ ክርስቲያናት ፍርሃት ነገሠ። በ1983 ልጇ ራሱን ያጠፋባት አንዲት እናት ጨዋታውን የሚቃወም ማኅበር አቋቋመች። በ1984 ደግሞ ጃክ ቺክ የተባለው የወንጌል ትራክት አዘጋጅ፣ ጨዋታው ወጣቶችን ወደ ጥንቆላ እንደሚወስድ የሚያሳይ ባለ ሥዕል ትራክት አሳተመ። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ግን ጨዋታው ራስን ለማጥፋት ምክንያት መሆኑን አላረጋገጡም።

የእነዚያን ወላጆች ፍርሃት አልንቅም። ፍርሃታቸው ከፍቅር የመጣ ነው፤ ያቺ እናት ልጇን ቀብራለች። ነገር ግን ሳይጠየቅ የተፈረደበት ልጅ ሁለተኛ ጥያቄ ይዞ ወደ እኛ አይመጣም። ይህን የተማርኩት ከአሜሪካ ታሪክ ሳይሆን ከሮቤው ቅዳሜ ነው።

የታሪኩ ሌላ ገጽ ደግሞ የበለጠ አስገረመኝ። ሪቻርድ ጋሪየት የሚባል አሜሪካዊ ወጣት በደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ተማርኮ የኮምፒውተር ጨዋታ መሥራት የጀመረው ገና ተማሪ ሳለ ነው። «ኡልቲማ» የተባለው ተከታታይ ጨዋታው የመጀመሪያ ክፍል በ1981 ወጣ። ከተጫዋቾች የሚደርሱትን ደብዳቤዎች ሲያነብ ሁለት ነገር አስተዋለ። አንዳንዶች እርሱን የወጣቶች አጥፊ አድርገው ይከሱታል። ተጫዋቾቹ ደግሞ ጨዋታውን ለማሸነፍ ባለ ሱቁን እንዴት እንደሚሰርቁና ምንም ያላደረገውን መንደርተኛ እንዴት እንደሚገድሉ ይተርኩለታል። «ለምን እንዲህ ያደርጋሉ?» ብሎ ራሱን ጠየቀ። መልሱም ቀላል ነበር፤ ጨዋታው ራሱ ክፋትን ይሸልማል።

ስለዚህ በ1985፣ በ24 ዓመቱ፣ አራተኛውን ኡልቲማ በሌላ መንገድ ሠራው። በዚህ ጨዋታ መጨረሻ ላይ የሚገደል ክፉ ንጉሥ የለም። የተጫዋቹ ሥራ እንደ ሐቀኝነት፣ ርኅራኄ፣ ፍትሕና ትሕትና ባሉ ስምንት በጎ ባሕርያት ማደግ ነው። ከሁሉ የማልረሳው ዓይነ ስውሯን ነጋዴ ነው። ቅጠላ ቅጠል ትሸጣለች፤ ስንት ሳንቲም እንደሰጠኸት ግን አታይም፤ የምትከፍለውን መጠን የምትወስነው አንተ ነህ። ብታጭበረብራት የሚከስህ የለም፤ ጠባቂም አይመጣም። ጨዋታው ግን በውስጡ ይቆጥራል፤ ሐቀኝነትህ ይቀንሳል። ብዙ ሰዓት ከተጓዝክ በኋላ ወደ ግብህ መድረስ ሲያቅትህ፣ የከለከለህ ያቺ የሰረቅሃት ሴት መሆኗን ትረዳለህ።

ይህን ለልጁ ስነግረው ሳቀ፤ ከዚያም ዝም አለ። ቆይቶ «ጋሼ፣ የኛ ላፕቶፕ ላይ ያለው ቅጂ እኮ በፍላሽ የመጣ ነው። ለሠሪዎቹ አልተከፈለም» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ከውጭ አገር በዶላር መግዛት ለሮቤ ተማሪ ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ የእኔ ስልክ ውስጥ ያሉ መዝሙሮችም ከየት እንደመጡ አውቃለሁ። ስለ ዘንዶው በቁጣ የሰበክሁት እኔ፣ ስለዚህ ግን አንድም ቀን አስቤ አላውቅም ነበር። ዓይነ ስውሯ ነጋዴ ለካስ እኛም ሰፈር ትሸጣለች።

እንግዲህ ስካይሪምን በዚህ ሚዛን እንመዝነው። በከተማ ውስጥ ብትሰርቅ ጠባቂ ይይዝሃል፤ መቀጫ ትከፍላለህ ወይም ትታሰራለህ፤ ከዚያ ዕዳው ይሰረዛል። በገንዘብ የሚገድሉ ሰዎች ማኅበር አለ፤ መግባት ትችላለህ። ደም አፍስስልኝ ብለው ሽልማት የሚያቀርቡ መናፍስትም አሉ። እምቢ ማለት ይቻላል፤ ጨዋታው ግን እምቢ ያለውንና እሺ ያለውን እኩል ያስተናግዳል። ምን ዓይነት ሰው እየሆንክ እንደሆነ የሚጠይቅህ የለም፤ ጠያቂው አንተው ራስህ ካልሆንክ በቀር። በአሜሪካ ከ17 ዓመት በታች ላሉ የማይመከር ተብሎ መመደቡም ያለ ምክንያት አይደለም። ደም በብዛት ይፈስበታል።

ሰዓቱንም እንቁጠር። ዋናውን ታሪክ ብቻ ለመጨረስ ወደ 30 ሰዓት ይፈጃል። ዋሻውን ሁሉ ልዳስስ ላለ ግን ከ200 ሰዓት በላይ ነው። በቀን ሁለት ሰዓት ብንጫወት 200 ሰዓት መቶ ቀን ማለት ነው፤ አንድ ሴሚስተር ይሄዳል። የዚያ ልጅ የመንፈቅ ዓመት ውጤትም ይህን መስክሯል፤ እርሱም አልካደም።

ነገር ግን ያተረፈውንም ልንገራችሁ። በሚቀጥለው ቅዳሜ በሁሉ ፊት የተናገርኩትን በሁሉ ፊት አነሳሁ፤ እርሱም ወደ ኅብረቱ ተመለሰ። በጥር ወር ሚኒባስ ተከራይተን፣ በጎባ በኩል ወደ ሳነቴ አምባ ወጣን። ቱሉ ዲምቱ ጫፍ ላይ፣ 4,377 ሜትር ከፍታ ላይ ነፋሱ ያንቀጠቅጣል። ብዙዎቻችን ፎቶ ተነስተን ወደ መኪናው ሮጥን። እርሱ ግን ቆሞ ጅብራውንና ድንጋዩን እያየ «ጋሼ፣ ድሮ በዚህ ብርድ ውስጥ የኖረ ሰው አለ?» አለኝ። ጨዋታው ያስተማረው ይህንን ነው፤ ዋሻ ሲያይ ውስጡ ምን እንዳለ መጠየቅ፣ ፍርስራሽ ሲያይ ማን እንደሠራው መጠየቅ። እኔ ባሌ ተወልጄ ያደግኩት ጠይቄ አላውቅም ነበር።

ወደ ሮቤ ተመልሰን አብረን ፈለግን። በባሌ ተራሮች ፊንጫ ሀቤራ የሚባል የዋሻ መጠለያ አለ፤ ከባሕር ወለል በላይ 3,469 ሜትር ላይ ይገኛል። የኢትዮጵያና የውጭ አገር ተመራማሪዎች ቆፍረው ያገኙትን እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ አድርገዋል። ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመታት በፊት ባለው ዘመን ሰዎች እየተመላለሱ ኖረውበታል። ከላይ ጫፎቹ ላይ የበረዶ ግግር በነበረበት ጊዜ፣ ዛሬም ቀይ ቀበሮ የሚያድነውን የባሌን ግዙፍ ፍልፈል እየጠበሱ ይበሉ ነበር። ለመሣሪያቸው የሚሆነውን ጥቁር የእሳተ ገሞራ መስታወት ከ4,000 ሜትር በላይ ካለው ሥፍራ ያመጡት ነበር። በከፍተኛ ተራራ ላይ የሰው ልጅ እንደኖረ ከሚያሳዩት ቦታዎች እስከዚያ ጊዜ ከታወቁት ሁሉ ጥንታዊው ይህ ነበር። ልጁ ይህን በኅብረቱ ፊት ቆሞ ሲያስረዳ እኔ ከኋላ ተቀምጬ ማስታወሻ ያዝኩ።

የስካይሪም ካርታ ሲለካ 40 ካሬ ኪሎ ሜትር አይሞላም። በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ የተመዘገበው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ከ2,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ይህን የምለው «ጨዋታውን ትታችሁ ተራራ ውጡ» ለማለት አይደለም። አንድ ልዩነት ለማሳየት ነው። በጨዋታው ውስጥ ያለው ችግረኛ አንተ እስክትመጣ ድረስ ባለበት ቆሞ ይጠብቅሃል፤ ከወር በኋላ ብትመለስም እዚያው ነው። የጎረቤትህ እናት ግን ጀሪካኑን ተሸክመው የሚያልፉት ዛሬ ማታ ነው። ከታመመ ጓደኛህም ጋር ያለህ ጊዜ ቆሞ አይጠብቅህም።

ታዲያ መጫወት ያዋጣል ወይ? መልሴ ይህ ነው። ዕድሜው ለደረሰ፣ ሰዓቱን ቀድሞ ለወሰነ፣ ማንም ሳያየው በዚያ ዓለም የሚያደርገውንም ለሚጠይቅ ያዋጣል። ማቆም ላቃተው ግን አያዋጣም፤ ጨዋታው ንጹሕ ቢሆን እንኳ። ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በተፈቀደና በሚጠቅም ነገር መካከል ያደረገውን ልዩነት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ እዚህም ያው ሚዛን ይሠራል።

ለእናንተ ለመሪዎች ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። ከመፍረዳችሁ በፊት ከልጁ ጎን ቁጭ ብላችሁ እዩ። እኔ ዘግይቼ ነው የተቀመጥኩት። ልጁ አሁን ዩኒቨርሲቲ ገብቷል፤ ለእረፍት ሲመጣ ዛሬም ወንበር ይደረድራል። ስለዚያ በፍላሽ ስለመጣው ቅጂ ግን እስካሁን እየተከራከርን ነው፤ በዚህ ክርክር የሚያሸንፈው እርሱ ይመስለኛል።