ከሌባሻይ እስከ ቀይ መስመር

ባለፈው ሰሞን ሞጆ ደረቅ ወደብ አጠገብ ካለች ሻይ ቤት ተቀምጬ የትራንዚተሮችን ጨዋታ አዳምጥ ነበር። አንዱ ጎልማሳ «ዛሬስ ቀይ ወጣብኝ» አለ። ለምን እንደሆነ ብጠይቀው ሳቅ ብሎ «ኮምፒዩተሩን ጠይቀው፣ ወንድሜ!» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዲክላራሲዮን ሲቀርብ ኮምፒዩተሩ የሥጋት መመዘኛዎችን አመሳክሮ መስመር ይሰጠዋል፤ አረንጓዴ ከሆነ ዕቃው ያልፋል፤ ቢጫ ከሆነ ሰነዱ ይመረመራል፤ ቀይ ከሆነ ኮንቴነሩ ተከፍቶ ይፈተሻል። መመዘኛው በይፋ አይነገርም፤ ቢነገርማ ኮንትሮባንዲስቱ ቀድሞ ያጠናዋል።

የትራንዚተሩ መልስ ግን አያቴ ከአባታቸው ሰምተው ያወጉኝን አስታወሰኝ። በአፄ ምኒልክ ዘመን ንብረት የጠፋበት ሰው ሌባሻይ ያስጠራ ነበር። አንድ ለጋ ልጅ መድኃኒት ይጠጣል፤ ሲሰክር ወገቡን በመቀነት ታስሮ ይለቀቃል፤ እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት የጠፋውን ይከፍላል። ልጁን «በምን አወቅህ?» ብሎ የሚሞግት አልነበረም።

በዚያው ዘመን ግን በላ ልበልሃም ነበረን። ከሳሽና ተከሳሽ ኩታቸው ተቋጥሮ፣ ተቆራኝተው ዳኛ ፊት ይቆማሉ፤ አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ይረታል ወይም ይረታዋል። እዚያ ጣት መቀሰር ብቻውን አይበቃም፤ የቀሰረው ሰው ራሱ ይጠየቃል።

እርግጥ የሞጆው ቀይ መስመር ፍርድ አይደለም፤ ፍተሻ ነው፤ ኮንቴነሩን ከፍቶ የሚወስነውም ሰው ነው። ዓለም ግን ወዴት እየሄደ ነው? በ2016 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው የዊስኮንሲን ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ኮምፓስ የተባለ ፕሮግራም ስለ አንድ ጥፋተኛ የሰጠውን የሥጋት ግምት ዳኞች በጥንቃቄ ሊያዩት ይችላሉ አለ፤ ስሌቱ የንግድ ምስጢር ስለነበረ ሰውዬው ሊመረምረው አልቻለም። በ2020 እ.ኤ.አ. ደግሞ ተመራማሪዎች ከናይጄሪያ ጉምሩክ መረጃ ተምሮ አጠራጣሪ ዕቃ የሚጠቁም ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይዘው ቀረቡ። አገራችንም ለዚሁ ሙያ በ2012 ዓ.ም. ማዕከል አቋቁማለች፤ ነገ ከነገ ወዲያ በሞጆም ሆነ በችሎት መምጣቱ አይቀርም።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው ክሱን በበቂ ዝርዝር የማወቅ መብት አለው ይላል። ዝርዝሩን ራሱ ፕሮግራም አድራጊው እንኳ ማስረዳት ሲያቅተውስ?

እኔ መሣሪያው ይቅር አልልም፤ ሺህ ኮንቴነር በሰው ዓይን አይዘለቅም። ነገር ግን ማሽን ሰው ላይ ጣቱን በቀሰረ ቁጥር «በምን አወቅህ?» ለሚለው ጥያቄ በስሙ ቆሞ የሚመልስ ሹም ይኑር። አያቴ ታሪኩን ሲጨርሱ ሁሌም የሚያዝኑት ለዚያ ቤቱ ለተወደቀበት ሰው ነበር።