ቃል ሲደነዝዝ፦ ከ«ራሰ በራዋ ዘፋኝ» እስከ «አውራሪስ»

የፈረንሳዩን ጸሐፌ ተውኔት የዩጂን ኢዮኔስኮን ሥራዎች ለሁለት ከፍሎ ማየት የተለመደ ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ የወጡት አጫጭሮቹ የቋንቋ ቀልድ፣ በ1959 ለመድረክ የበቃው «አውራሪስ» ደግሞ የፖለቲካ ምሳሌ ተብለው ይመደባሉ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሃያሲው ማርቲን ኤስሊን በ1961 ባሳተመው የወለፈንድ ቲያትር ጥናት ደራሲውን ከሳሙኤል ቤኬት ጎን ካሰለፈው ወዲህ፣ ቀደምቶቹ ተውኔቶች ሕይወት ትርጉም የላትም የሚል ፍልስፍና ማሳያ ሆነው መነበባቸው ጸንቷል። ይህ መጣጥፍ ክፍፍሉን አይቀበልም። ኢዮኔስኮን ከመጀመሪያው ተውኔቱ አንሥቶ ያሳሰበው አንድ ጥያቄ ነው፦ ሰው ያላሰበበትን ቃል መናገር ሲለምድ ምን ይሆናል? በ«ራሰ በራዋ ዘፋኝ» የሚያስቀው ባዶ ንግግር በ«አውራሪስ» ቀንድ አብቅሎ ይመጣል።

ጥያቄው ከሕይወቱ የፈለቀ ነው። ኢዮኔስኮ በ1909 በሩማንያዋ ስላቲና ከተማ ከሩማንያዊ አባትና ከፈረንሳይ ወገን ከሆነች እናት ተወለደ። ልጅነቱን ፈረንሳይ አሳልፎ በ1922 ወደ ሩማንያ ሲመለስ የአባቱን ቋንቋ እንደ ባዕድ ተማረ። አፉን በአንድ ቋንቋ የፈታ ልጅ በዚያ ዕድሜ ሌላ ሲማር፣ የአገሬው ሰው ሳያስተውለው የሚያልፈውን አባባል ሁሉ ቃል በቃል ይሰማል፤ የኢዮኔስኮ ጆሮ የተሳለው እዚህ ላይ ይመስላል። በ1930ዎቹ ያ ጆሮ የከፋ ነገር ሰማ። «የብረት ዘብ» የተባለው ፋሽስታዊና ፀረ አይሁድ ንቅናቄ የቡካሬስትን የተማረ ወጣት ሲያማልል፣ ከትውልዱ ብሩህ አእምሮዎች የሚቆጠሩት ሚርቻ ኤሊያዴና ኤሚል ሲዮራን ሳይቀሩ ተሳቡ። ኢዮኔስኮ በ1968 ባሳተመው ማስታወሻ አባቱንም ለመጣው ሥልጣን ሁሉ የሚያድር ሰው አድርጎ ይሥለዋል። ሰው ከመንጋው ሲቀላቀል አስቀድሞ የሚለወጠው አነጋገሩ መሆኑን ለመታዘብ ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት አይገኝም።

ይህ ከታወቀ የመጀመሪያ ተውኔቱ አነሳስ ተራ አጋጣሚ አይሆንም። ኢዮኔስኮ እንግሊዝኛ ለመማር «አሲሚል» የተባለውን የመማሪያ መጽሐፍ ይዞ ዐረፍተ ነገሮቹን ሲገለብጥ፣ ሳምንት ሰባት ቀን እንዳለው፣ ወለል ከታች ጣሪያ ከላይ እንደሆነ እርስ በርስ የሚያስታውቁ ሰዎች አገኘ። ከእነሱ የወጣው «ራሰ በራዋ ዘፋኝ» በሜይ 11 ቀን 1950 በፓሪሱ ኖክታንቡል ቲያትር በኒኮላ ባታይ አዘጋጅነት ታየ፤ ከ1957 ጀምሮም በትንሹ የኡሼት ቲያትር ለአሥርት ዓመታት ከመድረክ ሳይወርድ ዘልቋል። በተውኔቱ ሚስተርና ሚስዝ ማርቲን እንደማይተዋወቁ ሆነው ይጨዋወታሉ፤ በአንድ ባቡር እንደመጡ፣ በአንድ ቤት እንደሚኖሩ፣ በአንድ አልጋ እንደሚተኙ ደረጃ በደረጃ አስልተው ባልና ሚስት መሆናቸውን ይደርሱበታል። የቤት ሠራተኛዋ ስሌቱን ለተመልካች ስታፈርሰው እነሱ አይሰሟትም። በመጨረሻ ንግግሩ ወደ ሐሰተኛ ተረትና ምሳሌ፣ ከዚያም ወደ ባዶ ድምፅ ይበታተናል። ነገርን በምሳሌ ማዋዛት የለመደ አንባቢ እዚህ ላይ፣ ከአፍ አፍ የተወረሰ አባባል ሁሉ የሞተ ነውን ብሎ ሊቃወም ይችላል። አይደለም። ምሳሌ ሕያው የሚሆነው የሚፈርድበት ጉዳይ ሲኖር ነው። የተውኔቱ ሰዎች ምሳሌ ሞልቷቸዋል፤ ያጡት ጉዳዩን ነው።

በ1951 የታየው «ትምህርቱ» ይህን ባዶነት ከደም ጋር ያገናኘዋል። ፕሮፌሰሩ ከሒሳብ ወደ ሥነ ልሳን ሲሻገር ጥርሷን የሚያማት ተማሪ ትዝላለች፤ ቢላ የሚለውን ቃል ደጋግማ እንድትጠራ ሲያስገድዳት ቃሉ ስለት ሆኖ ይገድላታል። ከዚያ የቤቱ ሠራተኛ ለፕሮፌሰሩ የምታጠልቅለት የክንድ ምልክት የናዚ ሊሆን እንደሚችል የመድረክ መመሪያው ይጠቁማል። እንግዲህ «አውራሪስ» ከሰማይ ዱብ ያለ ሥራ አልነበረም። በዚህ ተውኔት የአንዲት ከተማ ሰዎች አንድ በአንድ ወደ አውራሪስ ይለወጣሉ። አውሬው ከተማዋን እየረገጠ ሳለ ሰዎቹ ባለ አንድ ቀንድ ነው ባለ ሁለት፣ የእስያ ነው የአፍሪካ እያሉ ይሟገታሉ፤ የሎጂክ ሊቁም ሶቅራጥስን ድመት የሚያደርግ ስሌት ያስተምራል። የዋናው ገጸ ባሕርይ ጓደኛ ዣን ስለ ተፈጥሮ ኃይል እየፎከረ ቆዳው ይወፍራል። የሥራ ባልደረባው ዱዳር መረዳትን ከመቀበል ጋር ያደባልቃል። ወሬውን ሁሉ ፈጠራ ነው ሲል ያጣጥል የነበረው ሌላው ባልደረባ ቦታርም ከዘመን ጋር መራመድን ሰበብ አድርጎ ይቀላቀላል። ሁሉም ከመለወጣቸው በፊት ለውጡን የሚያቀልላቸው የተዘጋጀ ሐረግ አላቸው።

በዚህ ንባብ ላይ የሚነሡ መቃወሚያዎች አሉ። ተቺው ኬኔት ታይናን በ1958 በለንደኑ «ኦብዘርቨር» ጋዜጣ፣ ኢዮኔስኮ በቃላት መግባባት እንደማይቻል እየሰበከ ቲያትርን ከማኅበራዊ እውነታ ያሸሻል ሲል ወቅሶት ነበር። ይሁን እንጂ ሐሰተኛ ብርን የሚያጋልጥ ሰው የብርን ዋጋ አይክድም፤ እንዲያውም ዋጋውን የሚጠብቀው እሱ ነው። «አውራሪስ» ራሱ ስብከት ሆኗል የሚሉም አሉ። ምሳሌው ግልጽ መሆኑ እውነት ነው፤ ዋናው ገጸ ባሕርይ ቤራንዤ ግን የሚሰብከው የለውም፤ በክርክር ሁሉ እየተንተባተበ ይረታል። ከሁሉ የሚከብደው ደራሲውን ራሱን የሚነካው ነው፦ ኢዮኔስኮ በጦርነቱ ጊዜ ከ1942 ጀምሮ በፈረንሳይዋ ቪሺ በነበረው የሩማንያ ሌጋሲዮን (የዲፕሎማሲ ጽሕፈት ቤት) ተቀጥሮ የናዚ ጀርመን አጋር የነበረውን የማርሻል አንቶኔስኮን መንግሥት አገልግሏል። ተውኔቱ ከዚህ ነጻ አያወጣውም፤ ቤራንዤ ለምን ጀግና ተደርጎ እንዳልተሣለ ለመረዳት ግን ይረዳል። በእርግጥ የሞት ፍርሃትን የሚመረምረውን የ1962ቱን «ንጉሡ ሊሞት ነው» የመሰለ ሥራ በዚህ ክር ብቻ ማሰር አይቻልም።

ለክርክሩ ዋነኛው ማስረጃ የ«አውራሪስ» መዝጊያ ነው። ፍቅረኛው ዴዚ ጥላው ሄዳ ብቻውን የቀረው ቤራንዤ፣ አውራሪሶቹን ለማሳመን ቋንቋ እንደሚያስፈልገው ያስባልና እሱ የሚናገረው የትኛው ቋንቋ እንደሆነ ራሱን ይጠይቃል፤ ፈረንሳይኛ ነው ቢልም የሚያረጋግጥለት ሌላ ተናጋሪ የለም። ቀጥሎ እንደ እነሱ ለመጮኽ ይሞክራል፤ ድምፁ እምቢ ይለዋል። እጅ አልሰጥም የሚለው ከዚህ በኋላ ነው። በአሥራ ሦስት ዓመቱ በባዕድ ቋንቋ መካከል የቆመው ልጅ እዚህ ላይ ተመልሶ ይታያል፦ መንጋው የሚለውን በትክክል መድገም ያቃተው አንደበት ሰው ሆኖ ቀረ።