የመምህሩ ልጅና የገንዘቡ ፎርም

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ። የዛሬው ትረካ የሐዋሳ ነው። ዘመኑ 2017 ዓ.ም.፣ ወሩ መስከረም፣ ልጅቷ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ። አባቷ የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህር፣ እናቷ ገበያ ውስጥ እህል የምትሸጥ። ስሟን አልጠራም፤ ታሪኩ የእሷ ብቻ አይደለማ! ከጅማ እስከ ጎንደር፣ ከድሬዳዋ እስከ መቀሌ በየዓመቱ ይኸንኑ አሜሪካ ኮሌጅ የመግባት መንገድ «ሀ» ብሎ የሚጀምር ልጅ አለ።

ልጅቷ ጎበዝ ናት፤ በዚህ ላይ ክርክር የለም። ግን ጉብዝና ብቻውን የሚያስገባ ቢሆን ኖሮ ትረካው እዚሁ ባለቀ ነበር። በ2024 እ.ኤ.አ. ሃርቫርድ 54,008 ማመልከቻ ደርሶት «ግቡ» ያለው 1,937 ሰው ብቻ ነው። ከመቶ አራት እንኳ አልሞላም። ከቀሩት ውስጥ ስንቱ የክፍሉ አንደኛ ነበር! በዚያ ላይ ገንዘቡ አለ። እንዲህ ያሉት ኮሌጆች ለአንድ ዓመት ትምህርት፣ መኝታና ምግብ የሚጠይቁት ከ80 ሺህ ዶላር በላይ ነው።

መምህሩ ይህን ሲሰማ «ልጄ፣ ይኼ የስንት ዓመት ደመወዜ ነው?» አላት። ስልኳን አውጥታ አሰላች። ከስልሳ ዓመት በላይ መጣ።

«እንግዲያው ተይው» አላላትም። ይህን ልብ በሉልኝ። «እና ሌላው የመምህር ልጅ በምን ይገባል?» ነበር ያላት። ትረካው ሁሉ የሚሽከረከረው በዚህች ጥያቄ ዙሪያ ነው።

በሰፈሩ ለውጭ አገር ትምህርት ጉዳይ እናስፈጽማለን የሚል አንድ ቢሮ አለ። ልጅቷና አንድ የክፍሏ ልጅ፣ በፈተና ውጤት አንገት ለአንገት የሚተናነቃት፣ አብረው ሄዱ። ሰውየው ወንበር ስቦ አስቀመጣቸውና መከራቸው፦ «የገንዘብ እርዳታ እፈልጋለሁ ብላችሁ ከጻፋችሁ አይቀበሏችሁም። ቤተሰቤ ይከፍልልኛል በሉ። ከገባችሁ በኋላ ትጠይቃላችሁ።» ልጁ አመነው። እሷ ግን ነገሩ አልዋጥላት አለ። ከአባቷ ጋር ተማክራ አዲስ አበባ ወጣች፤ በአሜሪካ መንግሥት ሥር ወደሚሠራው ኤዱኬሽን ዩኤስኤ ወደሚባለው የምክር ማዕከል። ምክሩ በነፃ ነው፤ ደላላ የለበትም።

እዚያ የሰማችው የነገሩ ቁልፍ ነውና ረጋ ብዬ ልንገራችሁ። የአሜሪካ ኮሌጆች የውጭ አገር አመልካች ሲመጣባቸው ሁሉም አንድ ዓይነት አይደሉም። ጥቂቶቹ፣ በእውነት ጥቂት ናቸው፣ የልጁን ኪስ ሳያዩ ይወስናሉ። ይግባ አይግባ የሚለው ካለቀ በኋላ ነው ቤተሰቡ ስንት መክፈል እንደሚችል አስልተው የጎደለውን የሚሞሉት። ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤምአይቲ እና አምኸርስት በዚህ የቆዩ ናቸው። ዳርትማውዝና ቦደን በ2022 እ.ኤ.አ. ተጨመሩ፤ ብራውን በ2025 እ.ኤ.አ. ከሚገቡት ጀምሮ። የቀሩት አብዛኞቹ፣ ስታንፎርድን የመሰለው ሀብታም ጭምር፣ የውጭ አገሩ ልጅ እርዳታ መጠየቁን ቆጥረው ነው የሚወስኑት። ከእነዚህም መካከል አንዴ ከተቀበሉ የጎደለውን በሙሉ የሚሸፍኑ አሉ፤ ቦታው ግን ጠባብ ነው። ባለ ቢሮው የተናገረው ግማሹ እውነት የሆነው ለዚህ ነው።

ሌላው ግማሽ ግን ልጅ ይገድላል። ብዙ ኮሌጆች ሲያመለክት እርዳታ ያልጠየቀ የውጭ አገር ተማሪ በኋላ እንዲጠይቅ አይፈቅዱም። አራቱንም ዓመት። በራቸው ላይ በግልጽ ጽፈውታል፤ የሚያነብ ካለ።

ልጅቷ ከማዕከሉ ስትመለስ የኮሌጅ ዝርዝሯን ቀድዳ ጣለችው። በዝና የደረደረችውን ሰርዛ በአንድ ጥያቄ አበጠረችው፦ ይህ ኮሌጅ የውጭ አገር ልጅን ገንዘብ እንዴት ያያል? እኔ እንደሚገባኝ፣ ለማመልከቻው ከጻፈችው ድርሰት ሁሉ ይህች ማበጠር በለጠች።

ኤስኤቲ የሚባለውን ፈተና በሰው ላፕቶፕ ተፈተነች፤ ፈተናው አሁን በኮምፒውተር ነው። የኮሮና ወረርሽኝ ሲመጣ ግዴታነቱን አንስተው የነበሩት እነ ኤምአይቲና ሃርቫርድ መልሰውታልና መሸሽ አልተቻለም። እሱን በዚህ እንለፈው፤ የሚያስጨንቀው ነገር ከፊት አለ።

የገንዘቡ ፎርም! ሲኤስኤስ ፕሮፋይል ይሉታል፤ ኤስኤቲን የሚያዘጋጀው ኮሌጅ ቦርድ ነው ያወጣው። አንድ ቅዳሜ ማታ ሦስቱም ጠረጴዛ ከበው ተቀመጡ። ገና ስም ላይ ጉድ ፈላ። ፎርሙ የቤተሰብ ስም ይላል። የልጅቷ መጨረሻ ስም የአባቷ ስም ነው፤ የአባቷ የአያቷ፤ የእናቷ ደግሞ የሌላ ቤት። ሦስት ሰው፣ ሦስት መጨረሻ ስም፣ አንድ ጣሪያ። ቀጥሎ የዓመቱ ገቢ። የአባቷ የደመወዝ ማስረጃ ከሐምሌ እስከ ሰኔ ነው፤ ፎርሙ ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር ይላል። ቀጥሎ ምንዛሪው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. መንግሥት ብሩን ለገበያ ለቀቀው፤ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆነ። የመምህሩ ገቢ በብር ሲታይ ያው ገቢ ነው፤ በዶላር ሲታይ ግማሹ የለም።

ከዚያ እናትየው ዘንድ ደረሱ። ፎርሙ በእጅ ያለ ቁጠባ ስንት ነው ይላል። ዕቁብ ወጥቶላት ነበር።

«እማዬ፣ ያ የዕቁቡ ብር ቁጠባ ነው ወይስ ዕዳ?»

«ምን ቁጠባ አለ ልጄ! በመጀመሪያው ዕጣ ወጣልኝ፣ ጤፍና በቆሎ አራገፍኩበት። አሁን እስኪያልቅ በየሳምንቱ እጥላለሁ። ዕዳዬ ነው።»

«ዕድሩስ?»

«ዕድር ወጪ ነዋ! ነገ ሰው ቢሞትብን ማን ሊቆምልን?»

ልጅቷ ይህን ሁሉ ለማብራሪያ በተተወው ቦታ በአጭር በአጭሩ ጻፈችው። ዕቁብ ምን እንደሆነ በሁለት ዐረፍተ ነገር፤ ስማቸው ለምን እንደሚለያይ በአንድ፤ ደመወዙ በየትኛው ቀን ምንዛሪ እንደተሰላ በአንድ። ምንም አልደበቀችም፣ ምንም አላጋነነችም። ያቺ ባዶ ቦታ ባትኖር ኖሮ፣ ማዶ ያለው መዝጋቢ ዕቁቡን ባንክ የተቀመጠ ገንዘብ አድርጎ ይቆጥርባት ነበር።

ፎርሙን ለመላክ ለመጀመሪያው ኮሌጅ 25፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ 16 ዶላር ይጠየቃል። የአባቷ የባንክ ካርድ ከአገር አይወጣም። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው አክስቷ «እኔ እከፍላለሁ» ብላ ነበር፤ ልጅቷ ግን አስቀድማ ለየኮሌጁ ጻፈች። አንዳንዱ ከክፍያ ነፃ የሚያደርግ ኮድ ላከላት፤ አንዳንዱ በምትኩ ለውጭ አገር ተማሪ የተዘጋጀ ነፃ ፎርም ሙዪ አላት። ለአክስቷ የተረፈው ሁለት ኮሌጅ ነው። መጠየቅ አያሳፍርም፤ ለጠየቀ የሚሰጡት ነገር ነው።

የድጋፍ ደብዳቤውስ? የፊዚክስ መምህሯ መጀመሪያ የጻፉት በአገራችን የተለመደውን ነው፤ ታታሪ፣ ትሑት፣ ጥሩ ሥነ ምግባር ያላት። ልጅቷ እያፈረች «ቲቸር፣ ኮሌጆቹ የሚጠይቁት ያዩትን ነው፤ እርስዎ እኔ ስሠራ ያዩትን» አለቻቸው። ቆዩና ሳቁ። ያኔ ነው ትዝ ያላቸው፦ ቤተ ሙከራው ዕቃ ስላልነበረው ከተቃጠለ ሬዲዮ ሽቦ ፈትታ፣ በብስማር ላይ ጠምጥማ፣ ለታናናሾቿ ኤሌክትሮማግኔት ያሳየችበት ከሰዓት። ደብዳቤው ሌላ ደብዳቤ ሆነ።

መጋቢት ላይ መልሱ መጣ። ኪስ አናይም ያሉት ትልልቆቹ ሁሉም አልተቀበሏትም። ይህን ሳልሸፍን እነግራችኋለሁ፤ ኪስ አለማየት ማለት በሩ ሰፊ ነው ማለት አይደለም። አንዱ ተጠባባቂ አደረጋት። አንድ ትንሽ ኮሌጅ፣ እርዳታ መጠየቋን እያወቀ፣ ተቀበላት፤ ከቤተሰቡ የጠየቀውም መምህሩና እህል ሻጯ ተጋግዘው የሚችሉትን ነው።

ያ ቢሮው ድረስ አብሯት የሄደው ጓደኛዋም ተቀባይነት አገኘ። ደስ አለን ብለው አብረው ጨፈሩ። ቀጥሎ የክፍያው ወረቀት ደረሰው፤ እርዳታ ቢጠይቅ «ስታመለክት አልጠየቅህም» ተባለ። በውጤት አያንሳትም ነበር። የተለያዩት ፎርሙ ላይ በተሞላች አንዲት ምልክት ነው። ዛሬ አገር ቤት ኢንጂነሪንግ እየተማረ ነው፤ በርታ እንለዋለን፤ ያንን የመከረው ቢሮ ግን አሁንም ክፍት ነው።

ልጅቷ ኮሌጁ የላከላትን አይ-20 የሚባለውን ወረቀት ይዛ 350 ዶላር ሴቪስ ለሚባለው የውጭ ተማሪዎች መዝገብ፣ 185 ለቪዛ ከፍላ ቀጠሮ ልትይዝ ስትል፣ ግንቦት 19 ቀን አሜሪካ በዓለም ዙሪያ አዲስ የተማሪ ቪዛ ቀጠሮ አቆመች። ሰኔ 11 እንደገና ሲከፈት አመልካቾች የማኅበራዊ ሚዲያ ገጻቸውን ለሁሉም ክፍት እንዲያደርጉ ታዘዘ። እነዚያን ሳምንታት ቤቱ እንዴት እንዳሳለፋቸው አልዘረዝርም። ቪዛዋን አገኘች፤ ሄደች።

እንግዲህ ቃሌ ለናንተ ነው፣ የትምህርት ቤት ዳይሬክተሮችና የሪከርድ ክፍል ሠራተኞች። የብዙዎቹ ኮሌጆች ማመልከቻ ታኅሣሥ 23 አካባቢ ይዘጋል፤ ቀድሞ ለሚያመለክተው ደግሞ ጥቅምት 22። ትራንስክሪፕት፣ ማኅተምና የድጋፍ ደብዳቤ ለምኖ በራችሁ ላይ የሚቆመውን ልጅ «ነገ ተመለስ» አትበሉት። ዛሬውኑ ፈርሙለት።