የወፈረ ልጅ ሁሉ “ሆርሞን አለበት” መባል የጀመረው ከየት ነው?

“ዶክተር፣ ልጄ ያን ያህል አይበላም፣ ግን ይወፍራል። ሆርሞን ይሆን?” የሚል ጥያቄ በውስጥ መስመር በተደጋጋሚ ይደርሰኛል። ጥያቄው ከመቶ ዓመት በላይ ታሪክ አለው (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

በ1901 የቪየናው ሐኪም አልፍሬድ ፍሮሊክ ስለ አንድ የ14 ዓመት ልጅ ጻፉ። ልጁ አንጎል ሥር ባለው የፒቱታሪ ዕጢ አካባቢ ቱመር ነበረበት። ወፍሯል፣ የጉርምስና ለውጡም ዘግይቷል። እንዲህ ያለው ሕመም እጅግ አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ቢሆንም ስሙ በሐኪሞች ዘንድ ተወደደና ለብዙ ዓመታት የወፈረ ልጅ ሲመጣ “ፍሮሊክ ነው” ማለት ተለመደ። የዕጢ መድኃኒትም ይታዘዝ ነበር።

ይህን ልማድ የተፈታተኑት ዶ/ር ሂልዳ ብሩክ ናቸው። ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ ከጀርመን የተሰደዱ የሕፃናት ሐኪም ሲሆኑ፣ በ1930ዎቹ መጨረሻ ኒው ዮርክ ውስጥ የወፈሩ ልጆችን አንድ በአንድ መለካት ጀመሩ። ልጆቹ አጭር አልነበሩም። እንዲያውም ብዙዎቹ ከእኩዮቻቸው ይረዝማሉ። ጉርምስናቸውም አልዘገየም። በዕረፍት ላይ ሆነው ሰውነታቸው የሚያቃጥለው ኃይል ሲለካ ደግሞ ዝቅተኛ አልነበረም። “ሜታቦሊዝሙ ቀርፋፋ ነው” የሚለው ግምት በልኬት ወደቀ።

ከዚያ ወደ ቤተሰቦቹ ዞሩ። ብዙዎቹ ረሃብና ችግር አይተው የመጡ ስደተኞች ነበሩ። ፍቅራቸውን የሚገልጹት በምግብ ነበር። ልጁ ውጭ ወጥቶ ሲጫወት ይጎዳል ብለው ስለሚፈሩ ደግሞ እንዲሮጥ አይፈቅዱለትም። በስደት የምትኖሩ ወገኖቼ ይህ ቤት እንግዳ አይሆንባችሁም። በእኔ አስተያየት ብሩክ በእናቶች ላይ ጥፋቱን አብዝተዋል፤ ለውፍረት የመጋለጥ ባሕርይ በዘርም ይወረሳልና።

ታዲያ ሜታቦሊዝሙ ውስጥ የሚበላሸው ምንድን ነው? ዋናው የኢንሱሊን ሥራ ነው። ትርፉ ስብ ጉበትና ጡንቻ ውስጥ ሲከማች ኢንሱሊን በደንብ አይሠራም፣ ቆሽትም ይበልጥ ለማምረት ይደክማል። በአሜሪካ ሲንሲናቲ ከተማ በ1996 የወጣ ጥናት፣ “የአዋቂ ስኳር” ይባል የነበረው ዓይነት 2 የስኳር ሕመም በአፍላ ወጣቶች ላይ ከ1982 እስከ 1994 አሥር እጥፍ ገደማ መጨመሩን አሳየ።

እንቅስቃሴ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። የሚሠራ ጡንቻ ኢንሱሊንን ሳይጠብቅ ስኳርን ከደም ይወስዳል። ስለዚህ ሚዛኑ ባይቀንስም የልጁ ውስጥ እየተሻሻለ ሊሆን ይችላል። የጣፋጭ መጠጥና የትርፍ ምግብ መቀነስ ደግሞ የጉበቱን ስብ ያወርዳል።

አሜሪካዊው ተመራማሪ ሌናርድ ኤፕስታይን ምግቦችን እንደ ትራፊክ መብራት አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ብለው ከፍለው ከ6 እስከ 12 ዓመት ያሉ ልጆችን ከወላጆቻቸው ጋር አብረው አከሙ። በ1990 ባሳተሙት ውጤት፣ ከወላጅ ጋር የታከሙት ከ10 ዓመት በኋላም የተሻለ ክብደት ላይ ነበሩ። በሌላ ጥናታቸው፣ በመርሐ ግብር ከሚሠራ ስፖርት ይልቅ በቀን ውሎ ውስጥ የሚገባ እንቅስቃሴ፣ ለምሳሌ በእግር መሄድ፣ ለረጅም ጊዜ ሲዘልቅ ታይቷል።

የብሩክ የቁመት ልኬት ዛሬም ያገለግለናል። ልጃችሁ ወፍሮ ቁመቱም ከእኩዮቹ እኩል ወይም ቀድሞ ከሆነ የሆርሞን ችግር የመሆን ዕድሉ አነስተኛ ነው። እየወፈረ ቁመቱ ከቆመ ግን ሳትዘገዩ ለታይሮይድና ለሌሎች ሆርሞኖች ምርመራ ወደ ሕፃናት ሐኪም ውሰዱት።